በሃምሳ ስምንት ዲግሪ የሚደፈርስ ሽንት

ስለ ታይፒስቱ ከመናገሬ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። በጋምቤላ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበስኩ ሰው ነኝ። የቀለም ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሆስፒታሉ መጀመሪያ የቀጠረኝ ቱቦና ጠርሙስ አጣቢ አድርጎ ነው። እያጠብኩ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ለየሁ። ሽፋኑ ተገንጥሎ የተጣለ የላቦራቶሪ መጽሐፍ አገኘሁና ቃል በቃል እየፈታሁ ሰባት ዓመት አነበብኩት። ሁለት ሐኪሞች «ወባ ነው፣ አይደለም» እያሉ የተከራከሩበትን ስላይድ አንድ ጊዜ አይቼ ክርክሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዲፕሎማ ከሌላቸው ሁሉ፣ ካላቸውም ከአብዛኞቹ እበልጥ ነበር። ይህን ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ደስ ባለኝ፤ የሚያውቁት ግን ወይ ሞተዋል ወይ ከአገር ወጥተዋል።

መንግሥት ተለውጦ ጋምቤላ ክልል በተባለች ሰሞን ከደጋ የመጡት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የላቦራቶሪው ቁልፍ በእኔ ኪስ ቀረ። ሁለት ዓመት ያህል በዚያች ከተማ ማን ወባ እንዳለበት፣ የማን ሳንባ እንደታመመ፣ ማን እንደሚዋሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በመንገድ ሳልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳልኝ ነበር።

ስለሚዋሹት ላስረዳ። አዲሶቹ የክልል ቢሮዎች በየሳምንቱ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። የቢሮዎቹ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ በመጋቢት ሙቀት እዚያ ውስጥ ውሎ መውጣት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም የሕመም ፈቃድ ይፈልጋል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል፤ ሽንቱ በእሳት ሲሞቅ ፕሮቲኑ ይበስልና ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል። ይህን አንድ ብልጥ ሰምቶ አወራው። ከዚያ በኋላ ሽንታቸው ላይ የእንቁላል ነጭ እየጨመሩ ይመጡብኝ ጀመር። አንድም አላመለጠኝም። የእንቁላል ነጭ እሳት ሳይነካውም ክር ክር ይላል፤ ዓይን ያለው ያየዋል። አንድ ዘበኛ እንዲያውም አስኳሉን በደንብ ሳይለይ ጨምሮ መጣ። ጠርሙሱን ወረፋ ለያዘው ሕዝብ ከፍ አድርጌ አሳየሁና፣

«ወንድሜ፣ የማክመው አንተን ነው ወይስ ዶሮህን?» አልኩት።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘበኛው በገበያ ሲያልፍ እንደ ዶሮ ይጮኹበት ነበር። በመጨረሻ ሥራውን ጥሎ ሄደ። አላዘንኩም፤ አሁንም አላዝንም።

ታይፒስቱ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። የኢታንግ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት አካባቢ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። አማርኛ ታይፕ የተማረው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ጴንጤ ስለሆነ መጠጥ አይቀምስም። ክልሉ ሲቋቋም ከወጡት ደብዳቤዎች ግማሹን የመታው እሱ ነው ይባል ነበር። ሆኖም ምላሱ እያበጠ መጣ። ቃል ሲያወጣ አፉ ውስጥ ድንች የጎረሰ ይመስላል። እግሩም አበጠ፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አለቃው ይህን አይቶ «ሰክሮ ይገባል» ብሎ ከሰሰው። ታይፒስቱ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የሚያረጋግጥ፣ በእኔ እጅ የተፈረመ። በዚያ ወረቀት ከሥራው አይባረርም፤ ዶክተሩም አዲስ አበባ ሪፈር ሊጽፍለት ይችላል። ያለዚያ ሁለቱም የሉም።

በመጀመሪያው ቀን በአልኮል መብራቱ ኃይለኛ ነበልባል ላይ አፈላሁት። ወዲያው ተንተከተከ፣ እንደ ውኃ ጠራ። «ፕሮቲን የለም» ብዬ ጻፍኩ። ዶክተሩ ከደጋ የመጣ ወጣት ነው፤ ወረቀቱን መልሶ ላከብኝ። «ይህ እግር እንዲህ አብጦ ሽንቱ ንጹሕ ሊሆን አይችልም፤ ይደገም» ብሎበታል። እኔን ይደገም ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

በማግሥቱ አልኮሉ አለቀ። መንገዱ በበልግ ዝናብ ተበላሽቶ ከአዲስ አበባ ዕቃ አይመጣም። ሥራ ማቆም የእኔ ልማድ አይደለም፤ ከአንዲት ሴት ዳግም አረቄ ገዝቼ መብራቱ ውስጥ ጨመርኩ። ይነዳል፣ ነገር ግን ነበልባሉ ደካማ ነው፤ ቱቦው ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው። የታይፒስቱን ሽንት ያዝኩበት። የቱቦውን ታች ገና በጣቴ መያዝ ስችል ጠብታ ወተት የተቀላቀለበት መሰለ። ከዚያ ፈጽሞ ነጣ። «አለ!» አልኩ። ቃሌን ሳልጨርስ ሽንቱ ፈላ፤ ነጩ ነገር እየሳሳ ጠፋ።

ይህን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው አንድ ሕግ ነበር፦ የተቀቀለ እንቁላል ጥሬ አይሆንም። ፕሮቲን አንዴ ከበሰለ አይመለስም። የተመለሰ እንደሆነ ፕሮቲን አይደለም።

«ቅባት ነው» አልኩ። በእኛ አገር ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት አለ፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። በኢታንግ ገበያ ሞልቷል። «እንቁላሉ እንደተነቃበት አውቆ ቅባት ጨመረበት።»

ያን ጊዜ ከጂማ ተመርቃ የመጣች ልጅ እግር ቴክኒሺያን አብራኝ ትሠራ ነበር። ሁለት ወር አልሞላትም። ወይዘሪት ዲፕሎማ እላታለሁ። ትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ ስታይ ቆይታ፣

«ጋሼ፣ ቅባት ቢሆንማ ሳይሞቅ ነበር መደፍረስ የነበረበት» አለች። «ይሄ ሲቀዘቅዝ ጥርት ያለ ነው፤ ሲሞቅ ደፈረሰ፤ ሲፈላ ደግሞ ጠራ። ቅባት እንዲህ አይሆንም።»

ትክክል ነበረች። ልክ እንደተናገረች ገብቶኛል።

«ወይዘሪት ዲፕሎማ» አልኳት፣ «ቱቦ ማጠቢያው እዚያ ጋ ነው።»

በወረቀቱ ላይ «ፕሮቲን የለም። ናሙናው ባዕድ ነገር ተጨምሮበታል» ብዬ ጽፌ ማህተም መታሁ። ታይፒስቱን ወደ መስኮቱ ጠራሁት። ከኋላው ወረፋው እስከ በሩ ነው።

«ና እስቲ፣ ይሄ ምላስህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የፋፋው? ውሸት ቀልበኸው ነው?»

«ጋ... ሼ፣ እኔ ምን... ም አልጨመርኩም።»

«ምን... ም አልጨመርኩም» አልኩ እኔም ምላሴን ከንፈሬ ላይ አንጠልጥዬ። ወረፋው ሳቀ። ድምፁን ማስመሰል እችልበት ነበር፤ በወጣትነቴም ሰው በማስመሰል የታወቅኩ ነኝ። ወረቀቱን ተቀብሎ እጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ቢሮው በወረቀቱ መነሻነት አገደው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከሆስፒታሉ ሌላ ማስረጃ ካላመጣ በማታለል እንደሚሰናበት የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ይዛ ሚስቱ መጣች። ገበያ ዓሣ የምትሸጥ ረጅም ሴት ናት፤ ድምጿ ከግቢው ውጭ ይሰማል።

«አባ፣ ባሌ መዋሸት አያውቅም። ታይፕ ሲመታ የሌላ ሰው ስሕተት እንኳ ሳይጠይቅ አያርምም። ካላመንክ እፊትህ ይሽና!»

«ይምጣ» አልኩ። «እፊቴ ብቻ ግን አይደለም። የሳቀበት ሕዝብ ሁሉ ባለበት ነው።»

መጣ። ጠርሙሱን በገዛ እጄ አጥቤ ቀቀልኩት። ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር አቆምኩት፤ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ብብቱ አስጠቀለልኩት፤ ኪሱን አስገለበጥኩት። እኔ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ወረፋው ዞሮ ያያል። እግሩ ከጫማ ስለማይገባ በነጠላ ጫማ ነው የመጣው። ቆመ፣ ቆመ፣ ምንም አልመጣ አለው።

«እንግዲህ ክረምት እንጠብቅ?» አለ አንዱ።

«ባሮ ዳር ውሰዱት፣ ውኃው ሲወርድ ሲያይ ይመጣለታል!»

ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ አላዞርኩም፤ ሥራዬ ማየት ነው። ብዙ ቆይቶ እንባው አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ ጠርሙሱን ሩብ አደረሰው።

ወስጄ በአረቄው እሳት ላይ ያዝኩት። ለብ ሲል ነጣ። ሲፈላ ጠራ። ቱቦውን መደርደሪያው ላይ አቁሜ አየሁት። ሲቀዘቅዝ እንደገና ነጣ።

ውስጤ ነፍስ ዘራ። ጸጸት እንዳይመስላችሁ፣ ደስታ ነው። ከማንም ያልሰማሁት፣ ሰባት ዓመት ባነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ነገር በእጄ ይዣለሁ። የቀድሞውን ወረቀት ሽሬ አዲስ መጻፍ አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ወደ መስኮቱ ወጣሁና፣

«ገና ነው» አልኳቸው። «ነገ በጠዋት ይምጣ። በሰው እጅ የተላከ አልቀበልም፤ ራሱ ይምጣ።»

ከዚያ አሥራ አንድ ቀን አመላለስኩት።

ምን እሠራ ነበር? ነገሩ የሚደፈርስበትንና የሚጠራበትን ሙቀት በቁጥር ማወቅ ፈለግኩ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ፕሮፌሰሮች ያዩታል፤ «ለብ ሲል ነጣ» ብሎ የላከ ሰው እንዲባልብኝ አልፈለግኩም። የነበረን ቴርሞሜትር ከሃምሳ በላይ አያነብም። ሁለት ቀን የመድኃኒት መጋዘኑን ስበረብር ቆይቼ ከተሰበረ የሕክምና ዕቃ መቀቀያ ውስጥ አንድ ረጅም ቴርሞሜትር አወጣሁ። የአሉሚኒየም ድስት ውኃ ሞልቼ ቱቦውን ውስጡ አቆምኩ፤ ቴርሞሜትሩን አጠገቡ። በየሁለት ዲግሪው እየተመለከትኩ ጻፍኩ። እስከ አርባ አምስት ጥርት ያለ ነው። ሃምሳ ላይ ጭጋግ። ሃምሳ ስምንት ላይ ወተት። ሰማንያን ሲያልፍ ይሳሳል። ሲፈላ የለም። የኩላሊት በሽተኛን የተለመደ ፕሮቲን አጠገቡ አድርጌ ሞከርኩ፤ ያኛው ሙቀቱን እስከ ሰባና ሰማንያ ተሸክሞ ይቆይና አንዴ ከበሰለ እዚያው ይቀራል። እያንዳንዱ ፕሮቲን እጁን የሚሰጥበት ሙቀት አለው ማለት ነው። የታይፒስቱ ቶሎ ይሸነፋል። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ በድስት ነው የደረስኩበት።

ታይፒስቱ በየጠዋቱ ከባሮ ድልድይ ማዶ በእግሩ ይመጣል። በመንገድ ሦስት አራት ጊዜ ያርፋል ይሉኝ ነበር። ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ማንጎው ሥር ሄዶ ይሸናል፤ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ያመጣልኛል። በሰባተኛው ቀን ይመስለኛል፣

«ጋሼ፣ ዛሬ... ያልቃል?» አለኝ።

«ሳይንስ እንደ ታይፕ በጣት አይመታም።»

«ጣቴም እምቢ ብሏል» አለና እጁን አሳየኝ። ጣቶቹ እንደ ደነዘዙ ነው፤ ማጠፍ ያቅተዋል። ይህንንም መዝገቤ ላይ ጻፍኩት።

ወይዘሪት ዲፕሎማ ቀደም ብላ፣ ማመላለስ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን፣ የትምህርት ቤት ደብተሯን ይዛ እየሮጠች መጥታ ነበር።

«ጋሼ፣ አገኘሁት! ሲሞቅ ደፍርሶ ሲፈላ የሚጠራ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ፕሮቲን አለ። ከአጥንት መቅኒ በሽታ የሚመጣ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ምላሱ፣ ልቡ፣ ኩላሊቱ ውስጥ ይጠራቀማል ይላል። ይሄው፣ ምላስ ይላል! ዛሬውኑ ለዶክተሩ እንላክበት።»

ዶክተሩ ለክትባት ኢታንግ ወርዶ ነበር፤ መኪና በየቀኑ ይመላለሳል፤ መልእክት መላክ ይቻላል።

«ይህን ላቦራቶሪ የሚመራው ማነው?» አልኳት።

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ደብተርሽን አምጪ።»

ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። እኔ በድስት የደረስኩበትን አንዲት ልጅ ከደብተር ገልብጣ ቀድማኝ እንድትጽፍ አልፈልግም ነበር። አለቀሰች፤ ማጠቢያ ክፍሉን ዘግታ ነው ያለቀሰችው። ተውኳት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሰንጠረዡን ጨረስኩ። በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ የሙቀቱን ቁጥር ከነመልኩ ደርድሬ፣ ስሜን ከታች ጽፌ ፈረምኩ። የእሷን ስም አላስገባሁም። የእገዳው ቀነ ገደብ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ በቀኑ ውስጥ ነኝ። ዶክተሩ ያን ጠዋት ተመልሶ ስለነበር ራሴ ወሰድኩለት። ያመሰግነኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሁለት ጊዜ አነበበው።

«መቼ ነው ይህን ያወቁት?»

«ዛሬ ጨረስኩት።»

ዶክተሩ ተከትላኝ ወደ መጣችው ወይዘሪት ዲፕሎማ ዞረ። እሷም አንገቷን ሳትደፋ፣ «እኔ ከስምንት ቀን በፊት ነግሬያቸው ነበር» አለች።

ዶክተሩ የእኔን ልጅ የሚያህል ነው። በነርሶቹና በበሽተኞቹ ፊት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሰው ሰንጠረዥ ለመሥራት ነው የቀቀልከው?» አለኝ። አንተ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ ታይፒስቱን ከአግዳሚው አስጠርቶ፣ አስተኝቶ ደረቱን አዳመጠ፤ ሲነሳ ፊቱ ተለውጧል። በሽታው አሚሎይድ እንደሚባል የነገረን ያን ጊዜ ነው። ሰውነት የማይጸና ፕሮቲን ይሠራል፤ ያ ፕሮቲን ቅርጹን መያዝ ያቅተውና እንደ ሰም በልብ፣ በኩላሊት፣ በምላስ ውስጥ ይጋገራል። ምላሱን ያሳበጠውም ጣቶቹን ያደነዘዘውም እሱ ነው። «አሁን ልቡ ውስጥ ገብቷል» አለ ዶክተሩ። «ቶሎ አዲስ አበባ ይድረስ፣ ካልረፈደ።»

ቢሮው እገዳውን በማግሥቱ አነሳ። ሪፈሩ ተጻፈ። አውሮፕላን ላይ አንድ ቦታ ተገኘ፤ ለአስታማሚ አልተገኘም። ሚስቱ አየር ማረፊያው ላይ በእጇ ደግፋው ቆየች፤ ብቻውን ወጣ።

አዲስ አበባ በገባ በስድስተኛው ቀን ሞተ። እዚያው ቀበሩት። ከወር በኋላ ከሆስፒታሉ ለዶክተሩ ደብዳቤ መጣ። ከምላሱ ቁራሽ ወስደው መርምረው ነበር፤ አሚሎይድ ነው። «ከጋምቤላ የተላከው የሙቀት ምርመራ በጥንቃቄ የተሠራና ትክክለኛ ነው» ይላል። ዶክተሩን ለምኜ ግልባጩን ወሰድኩ።

ግልባጩን ኪሴ ይዤ ልቅሶ ደረስኩ። ብዙ ሴቶች ተቀምጠዋል። ነፍስ ይማር ብዬ ተቀመጥኩና ደብዳቤውን አወጣሁላት።

«ምርመራው ትክክል እንደነበር አዲስ አበባ መስክሯል» አልኳት። «ባልሽ ሰካራምም አታላይም እንዳልነበረ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልኖር ሰካራም ተብሎ ነበር የሚሞተው።»

ወረቀቱን አልነካችውም።

«ሰካራም ተብሎ እቤቱ ይሙትልኝ ነበር» አለች፤ ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደሄደ እንጃ፣ በሹክሹክታ ነው። «እጄ ላይ ይሞት ነበር። አሥራ አንድ ቀን በዚያ እግሩ አመላለስከው፤ እኔ እንኳ ጠርሙሱን ላምጣልህ ብል ራሱ ይምጣ አልክ። አባ፣ ወረቀትህን ውሰድና ለወረቀትህ አልቅስ።»

ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ቆይ ያለኝ የለም።

ሰው የሠራውን ራሱ ካልቆጠረ ሌላው አይቆጥርለትም። በዚያ ዓመት በጋምቤላ ያደረግኩት ይህ ነው፦

በአራተኛ ክፍል ትምህርት የክልሉን ላቦራቶሪ ሳይዘጋ አቆየሁ።

በአረቄ፣ በድስትና ከተሰበረ ዕቃ በወጣ ቴርሞሜትር፣ ባለ ትልቅ ሕንፃ ሐኪሞች ትክክል ነው ያሉትን በሽታ ለየሁ።

የታይፒስቱ እገዳ እንዲነሳ አደረግኩ፤ ሚስቱና ልጆቹ ጡረታውን የሚበሉት በእኔ ወረቀት ነው።

ማንም ሰው ናሙናው በሐኪም ፊት ሳይወሰድና በቀስታ ሳይሞቅ «ባዕድ ነገር ተጨምሮበታል» ብሎ እንዳይጽፍ በእጄ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ሥራ እስክለቅ ድረስ እዚያው ነበር።

ደብተሩን ለወይዘሪት ዲፕሎማ መለስኩ። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። በዓመቱ ወደ ጂማ ተዛወረች።

ታይፒስቱን አሥራ አንድ ቀን ያመላለስኩትም እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ሰው አልነበረም።